ከረጢቱ ካለቀ በኋላ የሚጀምረው ሕክምና፦ ለጉበት ካንሰር በደም ሥር ስለሚሰጠው ኢሚውኖቴራፒ

ይህ ጽሑፍ በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ከቅዳሴ በኋላ ለተሰበሰቡ ወገኖች ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል የተናገርሁትን ወደ ጽሑፍ ስመልስ አንዳንዱን አሳጥሬያለሁ፤ ከአድማጮች ከቀረቡልኝ ጥያቄዎችም ጥቂቶቹን አስገብቻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ክቡራን አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ አስቀድሜ ልናገር፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። የካንሰር መድኃኒት በደም ሥር በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። መድኃኒቱን ሐኪሙ ይመርጣል፤ እኔ መርፌውን አስገብቼ፣ ከረጢቱን ሰቅዬ፣ ጠብ ጠብ እያለ እስኪያልቅ ድረስ ከሕመምተኛው ጋር እቆያለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ በዚያ ወንበር ዙሪያ ሆኜ ያየሁትንና የተማርሁትን ነው። የትኛው መድኃኒት ለማን እንደሚሻል ግን የየራሳችሁን ሐኪም ጠይቁ።

ከቃሉ ልጀምር፤ ብዙ ጊዜ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያው ነውና። አንዲት እናት "ክትባቴን ልወስድ መጣሁ" ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። በስልክ ያስተረጎመላቸው ሰው ኢሚውኖቴራፒ የሚለውን ቃል ሲሰማ ክትባት መስሎት እንደዚያው ነግሯቸዋል። ሌላ ሕመምተኛ ደግሞ ካንሰር ለማለት "ነቀርሳ" ሲባሉ ሳንባ ነቀርሳ የያዛቸው መስሏቸው፣ ልጆቻቸው እንዳይጋባባቸው ብለው አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ነበር የመጡት። በቀደመው አማርኛ ካንሰርም ነቀርሳ ይባል እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ዛሬ ግን ቃሉ በብዛት ለሳንባው በሽታ ቀርቷል። እኔ ሁለቱንም በእንግዳ ስማቸው፣ ካንሰርና ኢሚውኖቴራፒ እያልሁ መጥራትን እመርጣለሁ፤ ባዕድ ቃል መሆናቸው ቅር ቢለኝም ሰው አያሳስቱም።

ታዲያ ምንድን ነው? ኬሞቴራፒ ራሱ ሴል የሚገድል መድኃኒት ነው፤ ቶሎ ቶሎ የሚራባውን ሁሉ ስለሚመታ ካንሰሩን ሲመታ ፀጉሩንም፣ የአፍና የአንጀት ሽፋኑንም፣ የመቅኔውንም ሥራ ይነካል። ኢሚውኖቴራፒ ካንሰሩን በራሱ አይገድለውም። ሰውነታችን ባዕድ ነገርን እየለየ የሚያጠፋ የበሽታ መከላከያ ሠራዊት አለው፤ ከእነርሱም ዋናዎቹ ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። እነዚህ ሴሎች የገዛ አካላችንን እንዳያጠቁ ፍሬን አላቸው። ካንሰር ተንኮለኛ ነው፤ ያንኑ ፍሬን ይረግጥና ሳይነኩት እንዲያልፉ ያደርጋል። መድኃኒቱ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ያነሳል። ይህን የፍሬን ነገር የደረሱበት አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ በ2018 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ታክሲ የነዳችሁ ብዙዎች ስላላችሁ የቀረውን ራሳችሁ ትገምታላችሁ፤ ፍሬኑ የተነሳለት መኪና ወደምንፈልገው ብቻ አይሄድም። የዚህ ሕክምና ጥቅሙም ጉዳቱም የሚመጣው ከዚህ ከአንድ ነገር ነው፣ ይህንንም መላልሼ አነሳዋለሁ።

የጉበት ካንሰር ስል ከጉበቱ ከራሱ ሴሎች የሚነሳውን፣ ሐኪሞች ሄፓቶሴሉላር ካርሲኖማ የሚሉትን ማለቴ ነው። ከሌላ ቦታ ተነስቶ ጉበት ላይ ያረፈ ካንሰር ሕክምናው ሌላ ነው። ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ጉበት ላይ አይበቅልም፤ በሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ፣ በመጠጥ፣ በስብ ክምችት ለዓመታት ሲቆስልና ሲጠነክር በኖረ ጉበት ላይ ይነሳል። ሕመምተኛው በአንድ ጊዜ ሁለት በሽታ አለበት ማለት ነው፣ ካንሰሩም የተጎዳው ጉበትም። ሐኪሙ መድኃኒቱን ከማዘዙ በፊት ጉበቱ ምን ያህል አቅም እንደቀረው የሚመረምረው ለዚህ ነው። የዓይን ቢጫነት፣ በሆድ ውስጥ ውኃ መቋጠር፣ የሐሳብ መዛባት፣ የደም አለመርጋት፣ ጉበት የሚሠራው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን መጠን ተደምረው ነጥብ ይሰጣቸዋል። መድኃኒቶቹ የተጠኑት ባመዛኙ ነጥባቸው ጥሩ በሆኑ ሰዎች ላይ ስለሆነ፣ ጉበቱ በጣም ለደከመ ሰው ሐኪሙ "አይሆንም" ቢል ነፍጎት እንዳይመስላችሁ።

እስከ 2020 ድረስ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ወይም ከጉበቱ ላይ ሊቃጠል ለማይችል የጉበት ካንሰር ቀዳሚው መድኃኒት ሶራፌኒብ የሚባል ክኒን ነበር። በዚያ ዓመት በግንቦት ወር የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አቴዞሊዙማብና ቤቫሲዙማብ የተባሉትን ሁለት መድኃኒቶች በአንድነት እንዲሰጡ ፈቀደ፤ በንግድ ስማቸው ቲሴንትሪክና አቫስቲን ናቸው። ፈቃዱ የተሰጠው 501 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት ላይ ተመሥርቶ ነው። ክኒኑን ከወሰዱት መካከል ግማሾቹ ከ13 ወር በላይ ሲኖሩ፣ ሁለቱን መድኃኒቶች ከወሰዱት ግማሾቹ ከ19 ወር በላይ ኖረዋል። ከ10 ሰዎች የ3ቱ ያህል ዕጢ በግልጽ አንሷል፤ ከእነዚህም በጥቂቶቹ በምስል እስከማይታይ ጠፍቷል። ከ10 ሰዎች የ4ቱ ያህል ባለበት ቆሟል። ወደ 2 በሚጠጉት ደግሞ መድኃኒቱን እየወሰዱ አድጓል። እነዚህን ቁጥሮች የምነግራችሁ አንዳንድ ቤተሰብ "አዲሱ መድኃኒት ያድናል" ብሎ ስለሚመጣ፣ ሌላው ደግሞ "የጉበት ካንሰር ከሆነማ አለቀ" ብሎ ስለሚቀር ነው። 19 ወር የተባለው የማንም ሰው የዕድሜ ቀጠሮ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ያለፉ አሉ፣ ከዚያ ብዙ ርቀው የሄዱም አሉ።

ከ2022 ወዲህ ሌላ ምርጫ አለ፦ ትሬሜሊሙማብ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ ዱርቫሉማብ በየ4 ሳምንቱ። በዚህኛው ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ከ5 ሰዎች አንዱ ያህል ናቸው፤ ክኒኑን ከወሰዱት ግን ከ10 አንዱ ያህል ብቻ ነበሩ። በ2025 ደግሞ ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ በአንድነት ለመጀመሪያ ሕክምናነት ተፈቅደዋል። ስማቸውን መያዝ ከባድ ነው፤ ለእኔም መጀመሪያ ምላስ የሚያስር ነበር። የራሳችሁን መድኃኒት ስም ግን በወረቀት ጽፋችሁ በኪሳችሁ ያዙ።

ከመጀመሪያው ቀን በፊት የሚደረጉት ነገሮች ሰውን ያማርራሉ። የኢንሹራንስ ፈቃድ ቀናት ይወስዳል፣ አንዳንዴም ሳምንታት። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ይደረጋል፤ ቫይረሱ ከተገኘ እንደ ቴኖፎቪር ወይም ኢንቴካቪር ያለ የቫይረስ ክኒን ይጀመራል፤ ክኒኑም በሕክምናው ጊዜ ሁሉ፣ ከዚያም በኋላ አይቋረጥም። ከሁሉ የሚያናድደው ኢንዶስኮፒው፣ ካሜራ ያለበት ቱቦ በአፍ አስገብቶ ጨጓራን ማየቱ ነው። አንድ አባት ወገባቸውን ይዘው "እኔ ጉበቴን ነው ያመመኝ፣ ጨጓራዬን ምን አድርጉ ብዬ ነው?" አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጉበት ሲጠነክር ደም እንደልቡ ስለማያልፍበት ወደ ኋላ ይመለስና በጉሮሮና በጨጓራ ያሉትን የደም ሥሮች ይነፋቸዋል። ከሁለቱ መድኃኒቶች ፍሬኑን የሚያነሳው አቴዞሊዙማብ ነው፤ ቤቫሲዙማብ ግን ዕጢው አዲስ የደም ሥር አበጅቶ እንዳይመገብ የሚከለክል መድኃኒት ሲሆን፣ በዚያው የመድማትን አደጋ ይጨምራል። የተነፋው የደም ሥር አስቀድሞ ካልታየና አስፈላጊ ሲሆን በላስቲክ ካልታሰረ፣ አንድ ሌሊት ሊፈነዳ ይችላል። የእኚህም አባት ሁለት ቦታ ታሰረላቸው፤ መድኃኒቱም ለሳምንታት ዘገየ። ልጃቸው በጣም ተቆጥቶ ነበር። ያ መዘግየት ግን ከሕክምናው የተቀነሰ ጊዜ አልነበረም።

ወደ ቀኑ እንምጣ። ጠዋት ስትደርሱ ክብደት፣ ሙቀት፣ የደም ግፊት ይለካል፤ ደም ይቀዳል፤ ቤቫሲዙማብ ለሚወስድ ሰው ሽንት ይመረመራል፤ መድኃኒቱ የደም ግፊት ከፍ ሊያደርግና ኩላሊት ፕሮቲን እንዲያፈስ ሊያደርግ ስለሚችል ነው። ከዚያ መጠበቅ አለ። መድኃኒቱ ውድ ስለሆነና ከተበጠበጠ በኋላ ስለማይቆይ፣ የደሙ ውጤት መጥቶ ሐኪሙ "ቀጥሉ" ሳይል ፋርማሲው ጠርሙሱን አይከፍትም። ያ ጥበቃ ብዙ ጊዜ ከመድኃኒቱ ይረዝማል። ጋቢ ወይም ሹራብ ያዙ፤ ክፍሉ ይቀዘቅዛል። ቁርስ በልታችሁ ኑ። የዘወትር መድኃኒታችሁን፣ በተለይ የግፊቱን፣ ውሰዱ።

መድኃኒቱ ሲመጣ ሁለት ነርሶች ከከረጢቱ ጋር እያስተያዩ ስማችሁንና የልደት ቀናችሁን ይጠይቋችኋል። እዚህ ላይ እኛ ሐበሾች ዘወትር እንደናቀፋለን። ነርሷ በአባትህ ስም ትጠራሃለች፤ አንተ የሞተ አባትህ የተጠራ ይመስልሃል። የልደት ቀን ስትባል አንዱ በእኛ አቆጣጠር ይነግራል፣ ሌላው የስደት ጉዳዩ ሲያልቅለት በወረቀቱ ላይ የተሞላለትን ጥር 1 ረስቶ እውነተኛውን ይናገራል። አንድ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ሦስት ዓይነት ዓመት ነግረውን፣ መድኃኒቱ ተመልሶ ፋርማሲ ገብቷል። በካርዳችሁ ላይ ያለውን ቀን ሸምድዱ፤ እውነት ይሁን አይሁን የሚመረምራችሁ የለም፣ ከከረጢቱ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ግን አይሰጣችሁም።

መርፌው በክንድ ላይ ይገባል፤ የደም ሥሩ አስቸጋሪ ለሆነ ሰው በደረት ቆዳ ሥር ፖርት የሚባል ትንሽ መቀበያ ይቀበራል። ከረጢቱ ብዙዎቻችን "ግሉኮስ" ብለን ከምንጠራው የተለየ መልክ የለውም፤ ፈሳሹም ውኃ ይመስላል። ቀይ መርዝ ሲገባባቸው እናያለን ብለው ፈርተው የመጡ ሰዎች "ይሄው ነው?" ይላሉ። አቴዞሊዙማብ መጀመሪያ በ60 ደቂቃ ይሰጣል፤ ከተስማማ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ 30 ይወርዳል። ቤቫሲዙማብ በ90 ይጀምርና ወደ 60፣ ከዚያም ወደ 30 ደቂቃ ይወርዳል። ሁለቱም በየ3 ሳምንቱ ናቸው። በዚያ ሰዓት ውስጥ ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳት፣ ፊት መቅላት፣ ማሳከክ፣ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው መናገር ነው፤ ፍጥነቱን እንቀንሳለን ወይም እናቆማለን፣ የአለርጂ መድኃኒት እንሰጣለን። እንዲህ ያለው ነገር በጥቂት ሰዎች ላይ ነው የሚደርሰው። አብዛኛው ሰው መዝሙር ወይም መንዙማ በጆሮው ሰክቶ ያንቀላፋል፣ ፓምፑ ጩኸት ሲያሰማ ነቅቶ "አለቀ?" ይላል፣ በእግሩ ሄዶ መኪናው ውስጥ ይገባል። ፀጉር ብዙውን ጊዜ አይረግፍም። ከልጅ ልጅ መራቅ፣ ዕቃ መለየት፣ በተለየ ክፍል መተኛት አያስፈልግም። ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ግን በሕክምናው ጊዜና ካበቃም በኋላ ለወራት፣ ቤቫሲዙማብ ለወሰደች ለ6 ወር፣ እርግዝናን መከላከል ይኖርባታል።

እንግዲህ ቀላሉ ክፍል ይኸው ነበር። ከባዱ በየቤታችን ነው።

ፍሬኑ የተነሳለት ሠራዊት ማንኛውንም የሰውነት ክፍል ሊያጠቃ ይችላል፤ ይህም በወንበሩ ላይ ሳይሆን ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ አንዳንዴም ሕክምናው ካቆመ በኋላ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ቆዳ ላይ ነው፦ ሽፍታና ማሳከክ። ከዚያ አንጀት፣ አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ፣ ጉበት ራሱ፣ ሳንባ፣ ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናልና ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ፣ መገጣጠሚያ፣ ቆሽት ይከተላሉ፤ ከስንት አንዴ ልብም ይነካል። በትሬሜሊሙማብና በዱርቫሉማብ ከታከሙት ከ5 ሰዎች አንዱ ያህል በዚህ ምክንያት ከፍ ያለ መጠን ያለው ስቴሮይድ፣ ማለትም ሠራዊቱን የሚያበርድ መድኃኒት፣ አስፈልጎታል። በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኛው ይታከማል። ከተደበቀ ግን ይገድላል፤ ይህን ለማስፈራራት አልተናገርሁም፣ ስለ ሆነ ነው።

"በጊዜ" የሚለው ቃል ላይ ነው እኛን የሚያስቸግረን። ሁለተኛ ዙር ጨርሰው ለሦስተኛው የመጡ አንድ አባት ነበሩ። እኔ በአማርኛ "አባ፣ እንዴት ሰነበቱ?" አልኋቸው፤ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ" አሉኝ። በእንግሊዝኛም የሚጠየቀውን ሁሉ ጠየቅሁ፣ ተቅማጥ፣ ማቅለሽለሽ፣ ሳል፤ ለሁሉም "ይመስገነው" ነበር መልሱ። ክብደታቸውን ስመለከት 4 ኪሎ ቀንሰዋል። ጫማቸውን ሲያወልቁ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ያለው ቆዳ እንደ ወረቀት ሆኗል። ልጃቸው ውኃ ሊያመጣ ሲወጣ ወንበሬን ስቤ ቀረብሁና "አባ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ?" አልኋቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ጣቶቻቸውን አነሱ፣ አምስት፣ ስድስት። ቀን የሚሄዱበትን ስንደምረው ከስምንት ይበልጥ ነበር፤ ለዐሥር ቀናት። "እንዲህ ያለ ነገር ለሴት ልጅ ይነገራል እንዴ?" አሉኝ።

በዚያ ቀን መድኃኒቱ አልተሰጣቸውም፤ ሆስፒታል ተኝተው ስቴሮይድ ተጀመረላቸው፤ አንጀታቸው ተቆጥቶ ነበርና። በቤታቸው አንድ ሳምንት ቀድመው ስልክ ቢደውሉ ምናልባት በክኒን ብቻ ያልፍ ነበር። ምስጋና ማቅረባቸው መልካም ነው፤ እኔም በዚያው ቃል ነው ያደግሁት። ግን ነርስ "እንዴት ነዎት?" ስትል ሰላምታ አይደለም፣ ምርመራ ነው። መጀመሪያ እግዚአብሔርን አመስግኑ፣ ቀጥሎ ቁጥሩን ንገሩ። ከወትሮው 4 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የበለጠ ከተቀመጣችሁ፣ ወይም በሰገራ ደም ካያችሁ፣ የዚያኑ ዕለት ይደወላል፤ ተቅማጡን በሚያቆም ክኒን ሸፍኖ ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም።

ሌሎቹን ፈጠን ብዬ ልለፍባቸው። አዲስ ሳል ወይም ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ የዓይን ቢጫነት፣ የማይለቅ ራስ ምታት ከማዞርና ከመድከም ጋር፣ የውኃ ጥምና ብዙ መሽናት፣ ከ38 ዲግሪ ወይም በዚህ አገር አቆጣጠር ከ100.4 የሚያልፍ ትኩሳት፤ እነዚህ ሁሉ ሌሊት ቢሆንም ያስደውላሉ። ቤቫሲዙማብ የሚወስድ ሰው ደም ካስመለሰ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ በቀጥታ ወደ አደጋ ጊዜው ስልክ፣ ወደ 911። ጥርስ ማስነቀልን ጨምሮ ማናቸውም ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት ይነገር፤ ያ መድኃኒት ቁስል ቶሎ እንዳይድን ያደርጋል። ድካም ብቻውን አንዳንዴ ከታይሮይድ ይሆናል፤ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ ከእርሱም ከሆነ በየቀኑ በምትወሰድ አንዲት ክኒን ይስተካከላል፣ ኢሚውኖቴራፒውም ይቀጥላል። የድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ ደግሞ "ኬሞ ላይ ነኝ" አትበሉ፤ "ኢሚውኖቴራፒ ላይ ነኝ" በሉ። ሐኪሙ የሚፈልገው ምክንያትም የሚሰጠው መድኃኒትም ይለያያል።

ስቴሮይድ የተጀመረለት ሰው ስለተሻለው ብቻ ማቆም የለበትም። መጠኑ ቀስ በቀስ፣ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለ ጊዜ ይቀነሳል፤ በድንገት ከተቋረጠ ሕመሙ ሊመለስ፣ ሰውነትም ሊወድቅ ይችላል። ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ይህ ወደ ጾሙ ያመጣኛል። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፋቸውን ሳያሟሹ ቆይተው ስቴሮይዱን በባዶ ሆድ የዋጡ እናት አይቻለሁ። ለታመመ ሰው በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም መንገድ አለ፤ የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁን ጠይቁ፣ ከዚያ ለእኛም ንገሩን። መጾም የምትፈልጉ ከሆነ ሰዓቱን አብረን እናስተካክላለን እንጂ አንቆጣም። የጉበት ሕመምተኛ ግን ሥጋው ቶሎ ስለሚያልቅ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ባቄላውም በጾም ላለ ሰው አለለት።

ከዚሁ ጋር ስለ ባህል መድኃኒት አንድ ነገር ልበል፤ ከአገር ቤት በሻንጣ የሚመጣ ብዙ ነገር እንዳለ እናውቃለን። የጉበት ደም ምርመራ ውጤት ከፍ ሲል ሐኪሙ አራት ነገር ይጠረጥራል፦ ካንሰሩ ራሱ አድጎ ይሆን? ሄፓታይተስ ቢው ተነስቶ ይሆን? ኢሚውኖቴራፒው ጉበቱን አጥቅቶ ይሆን? ወይስ ሕመምተኛው የወሰደው ሌላ ነገር ነው? አንድ ጊዜ አንድ ሕመምተኛ "ለወፍ በሽታ ፍቱን ነው" ተብሎ የተላከለትን ቅጠል በድብቅ ሲጠጣ ሰንብቶ፣ ሐኪሞቹ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥፋቱን በመድኃኒቱ ላይ ሲፈልጉ ነበር። ጠርሙሱን ይዛችሁ ኑ። ጫትም ቢሆን ይነገር፤ በሐረር የተካሄደ፣ በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃምን ከቆየ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል። ማንም አያሳፍራችሁም፤ ካሳፈራችሁ ወደ እኔ ላኩት።

ሌላው የምንደባበቀው ራሱን በሽታውን ነው። "እማዬ ካንሰር መሆኑን አታውቅም፣ እንዳትነግሪብኝ" የሚሉኝ ልጆች ብዙ ናቸው። ፍቅር መሆኑ ይገባኛል። በእኛ አገር መርዶ እንኳ ጊዜ ተመርጦለት፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገር። ነገር ግን ይህ ሕክምና ሕመምተኛው ራሱ ጠባቂ እንዲሆን የሚጠይቅ ነው። ምን እንደሚወስድ የማያውቅ ሰው ምኑን ይጠብቃል? እናቲቱም ብዙ ጊዜ ያውቃሉ፤ ልጆቻቸው እንዳያዝኑ ዝም ይላሉ። በዚህ አገር የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ በሙያው የሠለጠነ ተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ጠይቁ። የ14 ዓመት ልጅ የአባቱን የሲቲ ስካን ውጤት አያስተርጉም፤ እኔ ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ነበርሁ፣ የልጁ ፊት እስከ ዛሬ አይጠፋኝም።

ስካኑ ብዙውን ጊዜ በየ2 ወይም 3 ወሩ ይደረጋል፤ ካንሰሩን ለመከታተል የሚረዳው አልፋ ፌቶ ፕሮቲን የሚባለው የደም ምርመራም ይታያል። የመጀመሪያው ስካን እስኪደርስ ሰው ምንም ስለማይሰማው "መድኃኒቱ አልያዘኝም" ይላል፤ ያልታመመ ሰው ያልታከመ ይመስለዋል። ዕጢው ባለበት ከቆመም ውጤት ነው። በሕመም ምክንያት መድኃኒቱ የተቋረጠባቸውም ተስፋ አይቁረጡ፤ የነቃው ሠራዊት ከረጢቱ ስለቀረ ወዲያው አያንቀላፋም፣ ካቆሙ በኋላ ዕጢያቸው ለረጅም ጊዜ ሳያድግ የቆየላቸው አሉ። የጉበት ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ግን ይህን ሕክምና ሲያስብ በጣም መጠንቀቅ አለበት፤ ሠራዊቱ አዲሱን ጉበት እንደ ባዕድ ሊያጠቃው ይችላል።

ከጥያቄዎቹ አንዱ "እኛ ቤተሰቦቹስ?" የሚል ነበር። ካንሰሩ አይጋባም፤ ሄፓታይተስ ቢ ግን በደም፣ በግብረ ሥጋና በወሊድ ጊዜ ይተላለፋል። በኢትዮጵያ ለሕፃናት በመደበኛ ክትባት የገባው በ2007 ስለሆነ፣ እዚህ ከተቀመጥነው አብዛኞቻችን በሕፃንነታችን አልተከተብንም። በዚህ አገር ከ2023 ጀምሮ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ሰው ሁሉ ቢያንስ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንዲመረመር ይመከራል። ወንድም፣ እኅት፣ ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ሰኞ ደውላችሁ ተመርመሩ። ቫይረሱ ከሌላችሁ ክትባት አለ፤ ካለባችሁ በክትትልና በክኒን መጠበቅ ይቻላል።

የመጨረሻውን የጠየቁኝ አንዲት ወይዘሮ ናቸው፦ አባታቸው በየ4 ሳምንቱ ዱርቫሉማብ ይወስዳሉ፤ ለጥምቀት ጎንደር መሄድ ይመኛሉ፤ ይቻላል ወይ? መልሴ ይህ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ባይሄዱ ይሻላል፤ ብዙው ነገር የሚከሰተው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ስካኑም ደሙም ጥሩ ከሆነ፣ ሐኪሙ በሁለት ዙር መካከል እንዲሄዱ ሊፈቅድ፣ ካስፈለገም አንዱን ዙር ሊያዘገይ ይችላል። የመድኃኒቱን ስም፣ መጨረሻ የወሰዱበትን ቀንና የእኛን ስልክ የያዘውን ካርድ በእንግሊዝኛ እንደተጻፈ ይያዙ፤ አገር ቤት ያሉ ሐኪሞች የሕክምና መዝገብ የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነው። የሄፓታይተስ ክኒናቸውን ከሚቆዩበት ቀን በላይ ቆጥረው በእጅ ሻንጣ ይያዙ። የጉዞ ክሊኒክ ሄደው የቢጫ ወባ ክትባት ከመከተባቸው በፊት ግን የካንሰር ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ ያ ክትባት ሕያው ቫይረስ ስላለበት በዚህ ሕክምና ላይ ላለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥም። ወይዘሮዋ ሁሉንም በስልካቸው ጻፉና "ጸበሉስ?" አሉኝ። ሲረጩ ይረጩ፣ ግን ከጥምቀተ ባሕሩ ውኃ እንዳይጠጡ፤ ቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ ዘልለው መግባቱንም ለወጣቶቹ ይተዉላቸው አልኋቸው።